ስለ ሕፅበተ እግርና ስለ ዝሆኔ በሽታ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በጸሎተ ሐሙስ ከማዕድ ተነሥቶ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ ወንጌላዊው ዮሐንስ በ13ኛው ምዕራፍ ጽፎልናል። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ትሕትና በየዓመቱ በሕፅበተ እግር ሥርዓት ታስበዋለች። በዚያን ዕለት በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ ወይም በበበቃ ካሉት የቡና አገር አጥቢያዎች በአንዱ፣ ካህኑ ጎንበስ ባለበት ስፍራ ያበጠና የሻከረ እግር ቢቀርብ ምን እናደርጋለን? ይበልጥ የሚያሳዝነው እንዲህ ያለው እግር አለመቅረቡ ነው፤ ባለቤቱ አፍሮ ከቅጽሩ ውጭ ከዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድሳልና።

ስለ ዝሆኔ የሚነገረው ብዙ ነው። አንዳንዱ የዘር እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ተላላፊ ነው ብሎ ከበሽተኛው ጋር ማዕድ አይቆርስም፣ ከቤቱም ልጅ አያጋባም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ ነገሩን ከእርሱም ከወላጆቹም ላይ አንሥቶታልና እኛ መልሰን ልንጭነው አይገባንም። የበሽታው መነሻ አፈር ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለውና ዝናብ በሚበዛበት አገር፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር እጅግ የደቀቀ ማዕድን አለው፤ ይህም ለዓመታት በባዶ እግሩ በሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ እየገባ ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ የሚመላለስበትን ቧንቧ ይጎዳዋል። ዶክተር ኤርነስት ፕራይስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ መርምረው በሽታው ከአፈሩ ጋር ያለውን ዝምድና በጽሑፍ ገልጸዋል። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው መታመሙም በአፈሩ የመጎዳት ዝንባሌ በዘር ስለሚተላለፍ ነው እንጂ እርግማን አይደለም፤ ከዚያው ቤት የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ቢያደርግ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። (ወደ ጋምቤላ ቆላ ሲወርዱ በትንኝ የሚመጣ ሌላ የዝሆኔ ዓይነት አለ፤ መድኃኒቱም ልዩ ነውና የሚለየው ሐኪም ነው።)

ክፉው ነገር በሽታው ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። በመጀመሪያ የእግር ጣቶች መካከልና የእግር ጀርባ ያሳክካል፤ ሌሊት ውስጥ እግር ያቃጥላል፤ ከዚያም ከቡና ለቀማ የተመለሰው ሰው እግር ማታ አብጦ ሲነጋ ይጎድላል። ስለሚጎድልም ድካም ነው ተብሎ ይተዋል። ነገር ግን ዋናው ጊዜ ይህ ነው፤ በዚህ ጊዜ የታጠበና የተጫማ እግር ወደ ጤናው ሊመለስ ይችላል። ከቆየ ግን ቆዳው ይደድራል፣ ኪንታሮት መሳይ ነገር ያወጣል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ተሕዋስያን ገብተው በንፍፊት፣ በትኩሳትና በብርቱ ሕመም ሰውየውን ለቀናት አልጋ ላይ ይጥሉታል። እግሩ ያበጠ ሰው ምች መታው እየተባለ በየጊዜው ሲተኛ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይህ ነው፤ ፈጥኖም ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል።

ሕክምናው ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው ዕለት ዕለት መሆኑ ነው። እግርን በውሃና በሳሙና እስከ ጣቶቹ መካከል ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፤ ላበጠውም በጤና ባለሙያ ምክር ፋሻ መጠምጠም ነው። በምሥራቅ ጎጃም ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ይህ ልማድ የትኩሳቱን መመላለስ እንደሚቀንሰው አሳይቷል።

ጠበሉን ትቶ ወደ ሐኪም መሄድ የሃይማኖት ጉድለት የሚመስለው ሰው መጽሐፈ ሲራክን በ38ኛው ምዕራፍ ይመልከት፤ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያገኛል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ጠበሉም ሳሙናውም በአንድ እግር ላይ ቢፈስሱ ምን ይጣላሉ?

ጫማን አውልቆ በተቀደሰው ስፍራ መቆም ከአባቶች የተቀበልነው ሥርዓት ነው፤ ልንነካው አንሻም። ነገር ግን ጫማ የሚወልቀው በመቅደሱ ደጅ እንጂ ከቤት ጀምሮ አይደለም። የንስሐ አባቶች ቤት ለቤት ሲዞሩ የልጆችን እግር ይመልከቱ፤ ሰበካ ጉባኤውም በክረምት በጭቃ ለሚመጡት በደጀ ሰላሙ አጠገብ የውሃ ማሰሮና ሳሙና ያኑር፤ ከዛፉ ሥር የቆመውንም ሰው ዲያቆናቱ ሄደው ይጥሩት።