የላባ ኅብርና የዘር አደራ

በወልድያ ገበያ ዶሮ የሚገዛ ሰው ክብደቱን በእጁ አንሥቶ ከመመዘኑ አስቀድሞ ላባውን ይመለከታል። አናቱ ድምድም የሆነ ቀይ አውራ ዶሮ ለበዓል ሲፈለግ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ጥቁሩ ግን በሥጋ ምንም ባያንስ ብዙ ጊዜ በቅናሽ ይሄዳል። ለጭዳ ብሎ የመጣውም አዋቂ ነኝ ባይ ያዘዘለትን ኅብር፣ ገብስማ ወይም ወሰራ ወይም አንዳች ነቁጥ የሌለበት ነጭ እስኪያገኝ ድረስ ከሻጭ ወደ ሻጭ ይዞራል። ካህናቱም ሼኮቹም ይህን ልማድ ቢነቅፉት ምርጫው ከገበያ አልጠፋም፤ ከገበያም ወደ ጓሮ ይወርዳል፤ ገዢ የማይወደውን አውራ የቤት እመቤት ለዘር አታስቀረውምና። እንግዲህ የሰው ዓይን በፍጡር መልክና በትውልዱ ላይ ያለው ሥልጣን እስከ ምን ይደርሳል ብሎ መጠየቅ ለሀብሩ ወረዳና ለወልድያ ሰው ሩቅ የሆነ ፍልስፍና አይደለም።

የሥነ ፍጥረት መምህራን አዕዋፍ በዕለተ ኀሙስ ከውኃ መገኘታቸውን ሲያስተምሩ፣ ኦሪት እንደየወገናቸው ተፈጠሩ ማለቷን ያስታውሳሉ። ከዚህ ተነሥቶ የቀለም ንጽሕና ከጥንት የተደነገገ ሕግ ነው የሚል ቢኖር፣ ወገን ዶሮን ከቆቅ የሚለይ ድንበር እንጂ ቀዩን ከገብስማው የሚከፍል አጥር እንዳልሆነ ልብ ይበል። ያችው ኦሪት ያዕቆብ በአማቱ ቤት መንጋ ሲጠብቅ፣ ዝንጉርጉሩንና ነቁጥ ያለበትን ደመወዙ አድርጎ እንደ ተቀበለ፣ በረከቱም በዚያ እንደ በዛለት ትተርካለች። ቁርኣንም በፋጢር ምዕራፍ የሰውና የእንስሳ ቀለም መለያየቱን ከአምላክ ሥራ ምልክቶች ጋር ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ በሀብሩዋ መርሳ ጎን ለጎን የሚኖሩት ሁለቱ ሃይማኖቶች በዚህ ነገር ክርክር የላቸውም።

በባሕር ማዶ ግን እንግሊዞች በ1865፣ አሜሪካውያንም በ1874 እ.ኤ.አ. የየዝርያውን ዶሮ ቁመና፣ የላባ ቀለምና የአናት ቅርጽ በመጽሐፍ ደንግገው፣ ከድንጋጌው የወጣውን ከውድድር አገለሉ። የእነዚህን ሰዎች ትዕግሥት ማቃለል አይገባም፤ በእነርሱ ትጋት ከመጥፋት የዳነ የዶሮ ዝርያ አለና። ሆኖም ፍጹምነትን በዓይን በሚታይ ነገር ብቻ መፈለግ ምን እንደሚያስከትል ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው ይኸው የእኛ ገበያ የሚወደው ድምድም ነው።

ዊልያም ቤትሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፣ ሜንዴል በአተር ያገኘው የውርስ ሕግ በእንስሳም እንደሚሠራ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲገልጥ፣ ከማስረጃዎቹ አንዱ የዶሮ አናት ነበር። ድምድሙ አናት ነጠላውን አናት ይጋርደዋል፤ ከአንዱ ወላጅ ድምድም፣ ከሌላው ነጠላ የወረሰ ጫጩት ድምድም ሆኖ ይታያል፤ ነጠላውን ግን በስውር ተሸክሞ ከልጆቹ ለአንዳንዱ ያወርሰዋል። ከአባትም ከእናትም ድምድምን ብቻ የወረሰ አውራ ለዓይን ከወንድሙ የማይለይ ሲሆን ዘሩ ግን ደካማ ነው፤ ከእርሱ የተገኘ እንቁላል ቢታቀፍ መካን ሆኖ የሚቀረው ይበዛል። ምክንያቱም በ2012 እ.ኤ.አ. ታወቀ፤ ድምድምን ያስገኘው የዘር ክፍል መገልበጥ፣ ለአባት ዘር እንቅስቃሴ የሚያስፈልገውን ሌላ ክፍል ሰብሮታል። ስለዚህ ነጠላውን ሁሉ እያረደ ድምድሙን ለማጥራት የተነሣ አርቢ፣ የሚወደውን መልክ ከሞላ ጎደል ባገኘበት ሰዓት የመንጋው ዘር ይደክምበታል። ገበያ ያቃለለው ነጠላ፣ ገበያ ያከበረውን ድምድም በልጆቹ ያኖረዋል። ይህን አስቦ የማይደነቅ ሕሊና ያለ አይመስለኝም፤ መልክን ብቻ አይቶ መፍረድ ስሕተት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር ነገርም አላውቅም።

የቀለምም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ነጯን ጭላት ከሩቅ ያያታል፤ ገብስማዋ ከአፈሩና ከገለባው ጋር ስለምትመሳሰል ታመልጣለች፤ ስለዚህ ለበዓል ቀዩን የሚመርጥ ቤተሰብ እንኳ ጫጩት የምታሳድግለትን እናት ዶሮ ሲያስብ የተለየ ዓይን ያስፈልገዋል።

የደሙ ቁጥር ደግሞ ከላባው ይልቅ የተሰወረ ነው። አሥር ሴት ዶሮዎች በአንድ አውራ የምታስረባ እመቤት 11 ዶሮ አለኝ ትላለች፤ በዘር ሒሳብ ግን፣ ጫጩቱ ሁሉ የአንድ አባት ልጅ ነውና፣ መንጋዋ 4 እንኳ አይሞላም፤ ከያዘው የዘር ልዩነት 14 በመቶ ያህሉ በአንድ ትውልድ ይባክናል። የአገሬው ሴቶች ይህን ሳይቆጥሩ ሲያመልጡት ኖረዋል፤ የጎረቤት አውራ አጥር ዘልሎ ይመጣል፣ የሚታቀፍ እንቁላል ከዘመድ ይለመናል፣ የፈንግል በሽታ ቤቱን ባዶ ባደረገው ጊዜም አዲስ ዘር ከሌላ ቀበሌ ይገባል።

ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በዓለማያና በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል የገቡት የውጭ ዶሮዎች፣ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ለድኻ ቤት ተስፋ ይዘው መጥተዋል። የአገሬው ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል፣ በሚገባ የተመገበች ሌግሆርን ከ250 በላይ ትጥላለች፤ የተራበ ሕፃን ባለበት አገር ይህን ልዩነት የሚንቅ ሰው ስለ ፍጥረት ክብር ሊናገር አይገባውም። ነገር ግን የውጭው አውራ ሲታደል የአገሩ አውራ ሁሉ እንዲወገድ የተጠየቀበት ጊዜ ነበር፤ በዚህ አልስማማም። በ2008 እ.ኤ.አ. በደብረ ዘይት የተጀመረው የሆሮ ዶሮን የማሻሻል ሥራ፣ የአገሩን ዘር በራሱ ደም ውስጥ እየመረጡ እንቁላሉንና ክብደቱን ከፍ ማድረግ እንደሚቻል ያሳየ ቀና መንገድ ነው።

ኖኅ ወደ መርከብ እንዲያስገባ የታዘዘው አዕዋፍ ሰባት ሰባት ተባትና እንስት ነበር፤ ምክንያቱም ዘራቸው በምድር ላይ በሕይወት እንዲቀር እንደ ሆነ ኦሪት ትናገራለች፤ የላባ ቀለም በትእዛዙ ውስጥ አልገባም። ሰባት አውራ ከሰባት ሴት ጋር ቢኖሩ፣ በዛሬው ሒሳብ በአንድ ትውልድ የሚጠፋው ልዩነት ከ4 በመቶ ያነሰ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነት ወደ ወልድያና ወደ ሀብሩ በዘለቀ ጊዜ እንደታየው፣ የአንድ ጓሮ ዘር በጥቂት ቀን ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ከወርጌሳ እስከ ሲሪንቃ በየቀበሌው አንዳንድ ቤተሰብ፣ ገዢ ዝቅ አድርጎ የሚገምተውን ጥቁሩንና ነጠላውን ጭምር፣ አውራዎቹ ከሴቶቹ ቁጥር ሳያንሱ ለይቶ ቢያኖር፣ የጠፋበትም ጎረቤት ታቃፊ እንቁላል ከዚያ ቢቀበል፣ ለኖኅ የተሰጠው አደራ በእነዚህ ቤቶች እጅ ይሆናል።