«የለም በልልኝ»

እህቴ በሥራ ሰዓት አትደውልም። ያን ዕለት ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ሆኜ ሦስቴ ደወለች። በአራተኛው ወጥቼ አነሳሁት። «ልጄን ሊያስሩብኝ ነው፤ ድረስልኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ከለቅሶዋ ለይቼ ለመስማት ጊዜ ወሰደብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ13 ዓመት ልጇ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ጌም ሲጫወት የሚያወራበት የቻት ግሩፕ አለው። ሰኞ ማታ ተሸነፈ። ልጆቹ ፎቶውን ስቲከር አድርገው ተሳሳቁበት። እሱም «ነገ ትምህርት ቤት እንዳትመጡ፣ የመጣ ያያታል» የሚል ነገር ጻፈ። የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ትርጉሙ የእኔ ነው። ግን በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ አሜሪካ ውስጥ ለሚማር ልጅ ይሄ ዓረፍተ ነገር አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ከግሩፑ አንዷ ልጅ ስክሪንሾት አንስታ ለእናቷ አሳየች፤ እናትየዋ በዚያው ሌሊት ለትምህርት ቤቱ አሳወቀች። በማግስቱ የእህቴ ልጅ ከአውቶቡስ እንደወረደ ወደ ቢሮ ተወሰደ።

እህቴ የምትኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እኔም ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ጀምሮ ከእሷ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ነኝ። ያቺን ሃያ ደቂቃ ስነዳ ሁለት ሐሳብ ተፈራረቀብኝ። አንደኛው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ ምን ያደርጋል ተብሎ ነው ይሄ ሁሉ? ሁለተኛው እ.አ.አ. በ2015 ቴክሳስ ውስጥ የሆነው ነው። የ14 ዓመት ሱዳናዊ አሜሪካዊ ልጅ ራሱ የገጣጠመውን ሰዓት ለአስተማሪው ሊያሳይ ቢወስድ ቦምብ ይመስላል ተብሎ በካቴና ታስሮ ነበር። ያ ልጅ አንድም የዛቻ ቃል አልወጣውም። የእኛው ግን ወጥቶታል።

አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አላጣም። ዛቻ አለ፣ ማስፈራሪያ አለ፣ ድንፋታ አለ፣ ፉከራ አለ። ፉከራማ ጥበብ ነው። ሠርግ ላይ አንድ አባት ዱላቸውን እየነቀነቁ እንዲህ አደርጋለሁ፣ እንዲህ እጥላለሁ ሲሉ እናጨበጭባለን እንጂ ፖሊስ አንጠራም። ማን እንደሆኑ፣ ለምን እንደሚሉ፣ በማን ፊት እንደሚሉ ስለምናውቅ ነው። ቃላቸውን ብቻ ወረቀት ላይ ገልብጠን ለማያውቃቸው ሰው ብንሰጠው ግን የግድያ ዕቅድ ይመስለዋል። ቻት የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ ቃሉን ያስቀርና ሰውየውን ይጥላል።

ስንደርስ ካቴና አልነበረም። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ አማካሪዋ፣ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ እና የትምህርት ቤቱ ፖሊስ ተቀምጠዋል። ቨርጂኒያ ከ2013 ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዛቻን የሚገመግም ቡድን እንዲያቋቁሙ በሕግ አስገድዳለች፤ ይህን በማድረግ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበትን መመሪያ ያዘጋጁት በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ዱዊ ኮርኔል የሚባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የመመሪያው ዋና ሐሳብ ለሐበሻ አዲስ አይደለም፤ ፉከራን ከዕቅድ መለየት ነው። በንዴት ወጥቶ፣ ሲነጋገሩበት የሚበርድ ዛቻ አለ። ሥር የሰደደ፣ ኢላማ ያለው፣ መሣሪያ የሚፈልግ ዛቻ ደግሞ አለ። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ጠጋ ብሎ በመጠየቅ ነው።

ጠየቁት። ስትጽፈው ምን ማለትህ ነበር? ያነበቡት ልጆች ምን የተሰማቸው ይመስልሃል? ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበላው? (ለዚህኛው መልስ አልሰጠም። አማካሪዋ ማስታወሻ ያዘች።) እህቴ እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ጠፍቶባት ስለነበር አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ፖሊሱ በቀስታ ወደ እሷ ዞሮ ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ እንዳለ ጠየቃት።

ባሏ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። አንዴ ከተዘረፈ በኋላ ሽጉጥ ገዝቷል፤ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ በጫማ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል። እኔ አውቃለሁ። ልጁም ያውቃል።

እህቴ ፊቷን ሳታዞር በአማርኛ «የለም በልልኝ» አለችኝ።

ስለዚያች ደቂቃ ከማውራቴ በፊት ስለ ሙያዬ ጥቂት ልበል። እኔ ሶፍትዌር ጸሐፊ ነኝ፤ ችግር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ማጣሪያ መሥራት ነው። የተማሪዎችን ጽሑፍ እያነበበ አደገኛውን የሚለይ ፕሮግራም ቢኖርስ? እንዲህ ያለ ዕቃ ተሠርቶ ይሸጣል፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ይገዙታል። ሒሳቡን ግን እንሥራው። ለምሳሌ ያህል 100,000 ተማሪ አለ፣ ከእነዚህ ውስጥ እውነተኛ አደጋ ያለባቸው 10 ናቸው እንበል። ማጣሪያው ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን በትክክል የሚለይ፣ ማለትም እኔ ሠርቼ የማላውቀው ዓይነት ምርጥ ነው እንበል። አሥሩን ከሞላ ጎደል ይይዛቸዋል። አብሮ ግን 1,000 ገደማ ንጹሕ ልጆችን ይይዛል። ማንቂያው ሲጮህ ከመቶ አንዱ ነው እውነት። ታዲያ በጮኸ ቁጥር ካቴና ይዞ የሚሄድ አገር መቶ ልጅ አስሮ አንዱን ያገኛል። «አሁንም ያው ነው» ብሎ የሚሰለች አገር ደግሞ አንዱን ያሳልፋል። አማካሪዋ ምሳ ከማን ጋር እንደሚበላ መጠየቋ እንደ ምሕንድስና ተማሪ ሳየው ከማጣሪያው የተሻለ መለኪያ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የአሜሪካ ሲክሬት ሰርቪስና የትምህርት መሥሪያ ቤቱ በ2002 ባወጡት ጥናት 37 የትምህርት ቤት ጥቃቶችን መርምረው ነበር። አብዛኞቹ አጥቂዎች ኢላማቸውን አስቀድመው ፊት ለፊት አልዛቱበትም። ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ግን ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው ሐሳቡን ያውቅ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እኩያ ነው። ጓደኛ፣ ወንድም፣ የክፍል ልጅ። ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ጥያቄው ራሱ ተገለበጠብኝ። «የዛተውን ተማሪ ምን እናድርገው?» እያልን ስንከራከር ልጁን ብቻ የምናናግር ይመስለናል። መልሳችንን በጥሞና የሚያዳምጠው ግን ያወቀው ሦስተኛው ሰው ነው። ስክሪንሾቱን የያዘችው ልጅ ናት። ስለ ሽጉጡ የተጠየቀች እናት ናት። ብናገር ምን ያደርጉታል ብሎ የሚያሰላው እሱ ነው።

ቴኔሲ ከ2023ቱ የናሽቪል ጥቃት በኋላ በትምህርት ቤት ላይ የጅምላ ጥቃት የዛተ ተማሪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲባረር ደነገገች፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከባድ ወንጀል አደረገችው። የሕጉ ሐሳብ ይገባኛል፤ የተቀበሩት ልጆች ናቸው ያወጡት። ግን አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ጓደኛዋ የጻፈውን ይዛ እናቷ በር ላይ ስትቆም፣ ከበሩ ማዶ ያለው ይሄ እንደሆነ ብታውቅ ታንኳኳለች? የተባረረውስ ልጅ ዓመቱን የት ነው የሚውለው? ብቻውን ክፍሉ ውስጥ፣ ምሳ ከማን ጋር እንደሚበላ የሚጠይቀው ሳይኖር።

እንግዲህ ስለራሴ መናገር ግድ ሊለኝ ነው። በ2012 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበርኩ። ግቢውን አልጠራውም። ያን ዓመት ከመግባታችን በፊት ተማሪና ወላጅ በሰላም ለመማር ውል ፈርመናል። አባቴ ቀበሌ ተሰልፎ ነው የፈረመልኝ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፣ ወሬው በየግቢው ተዛመተ። በዚያው ሰሞን እኛ ብሎክ ውስጥ በአንዳንድ በሮች ሥር ወረቀት ተገኘ። በ3 ቀን ውስጥ ለቃችሁ ካልወጣችሁ በደማችሁ ፍረዱ ይላል። ለየትኛው ወገን እንደተጻፈ አልናገርም። እኔ በር ሥርም ነበረ።

እጅ ጽሑፉን አወቅኩት። ሁለት ሴሚስተር አብሮኝ ላብ የሠራ ልጅ ነው። ቁጥር 3ን ሲጽፍ አናቷን ቀጥ ያደርጋታል፤ ስንት የላብ ሪፖርት አብረን ጽፈናል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ዶርም ጓደኞቼ ማን ይሆን የጻፈው እያሉ ሲያወሩ እኔም አብሬ ማን ይሆን አልኩ።

ለፕሮክተሩ ልንገር? ፕሮክተሩ ለጥበቃ ይነግራል፣ ጥበቃው ለፌዴራል፤ በሌሊት ይወስዱታል። እሱ ሲወሰድ የእሱ ብሎክ የእኛን ብሎክ አይምርም። የተነገረው ሰው «ተረት አትፍጠር» ብሎ ቢመልሰኝስ? ያኔ ደግሞ የጠቆምኩት እኔ መሆኔ ብቻ ይታወቃል። ራሱን ላናግረው? በየት ወኔ! በመካከል ሌላ በር አልነበረም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ቦርሳዬን ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ከብሎካችን የሆኑ ስድስት ልጆችን አገኘሁ፤ እርስ በርስ አልተያየንም።

እኛ ብሎክ ውስጥ ምንም አልደረሰም። ከገና በኋላ ስመለስ ልጁ ላብ ውስጥ ነበር። መልቲሜትሩን አዋሰኝ። ምናልባት ሰዎች አስገድደው አጽፈውት ይሆናል፣ ምናልባት ሙሉ ልቡን ሰጥቶ ጽፎት ይሆናል። መጋቢት ላይ በኮቪድ ምክንያት ግቢው ተዘጋ፣ እኔና እሱም በዚያው ተለያየን። ብዙ ጊዜ ዝምታዬን ምሕረት ብዬ ልጠራው እሞክራለሁ። ፍርሃት ነበር። ወረቀቱ እውነት ሆኖ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

«የለም በልልኝ» ስትለኝ ያቺ አናቷ ቀጥ ያለች 3 ናት ፊቴ የመጣችው። ኅዳር 30፣ 2021 እ.አ.አ. ሚሺጋን፣ ኦክስፎርድ የሆነውንም አንብቤ ነበር። አስተማሪ ሽጉጥና ደም የተሣለበት፣ እርዱኝ የሚል ቃል ያለበት ወረቀት የልጁ ጠረጴዛ ላይ አየች። ወላጆቹ ተጠሩ። ከአራት ቀን በፊት ሽጉጥ ገዝተውለት እንደነበር አልተናገሩም፤ ቦርሳውን የፈተሸም አልነበረም። ወደ ክፍል ተመለሰ። በዚያው ቀን አራት ተማሪዎች ገደለ። ወላጆቹም በ2024 እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ተፈረደባቸው። እዚያ ልጁን ጠርቶ ያነጋገረ ሰው ነበር። ያልተነገረው ግን ዋናው ነው።

«አለ» አልኩ በእንግሊዝኛ። የት እንደሚቀመጥም ተናገርኩ።

ፖሊሱ አልጮኸም። ሕጋዊ መሆኑን ጠየቀ፣ ነው። በዚያው ምሽት በቁልፍ ሳጥን እንዲቆለፍና ቁልፉ አባትየው ኪስ እንዲሆን ተስማሙ። ዛቻው በንዴት የወጣ ነው ተብሎ ተመዘገበ። ልጁ ለሁለት ቀን ቤት ዋለ፣ ፎቶውን ስቲከር ያደረጉት ልጆችም ተጠሩ፣ እሱ በየሳምንቱ ሐሙስ አማካሪዋን ያያል። እህቴ ግን ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። «ገመናዬን ለነጭ ፖሊስ ሰጠኸው» አለችኝ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁን ሰዎች እንዳይሰሙ ደግሞ እኔኑ አስማለችኝ። አልፈርድባትም። ካቴናውን አስባ ነው፤ በሌላ ትምህርት ቤት፣ በሌላ ግዛት ልክ ልትሆን ትችል ነበር። እኔም በተናገርኩባት ቅጽበት ቡድኑ ጥሩ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ዕድል ነው።

ያቺ ልጅስ? ለሷም ማንም አላጨበጨበላትም። ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት አልመጣችም፣ ማታ ማታም እናቷ ጋር ነበር የምትተኛው አሉ። ቃሉ ባዶ ነበር፣ ፍርሃቷ ግን ባዶ አልነበረም። ስለዚህ «ልጅ ነው፣ ተዉት» የሚሉት ዘመዶቼ ያናድዱኛል፤ እሷም እኮ ልጅ ናት። የእህቴ ልጅ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈላት። አማካሪዋ ሁለት ጊዜ መልሳ አስጻፈችው፤ የመጀመሪያው «ቀልድ ነበር» ይል ስለነበር።

አሁንም ግን ተቀይሟታል። ባለፈው ቅዳሜ መኪና ውስጥ «አንክል፣ ለምን መጀመሪያ ለኔ አልነገረችኝም?» አለኝ። ፈርታህ ነው አልኩት። ከዚያ ስለ ግቢው፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ቁጥር 3 ነገርኩት። አማርኛዬ ሲጠፋበት በእንግሊዝኛ ደገምኩለት። ትንሽ ዝም ብሎ በመስኮቱ ሲያይ ቆየ።

«እና ማን አናገረው፣ ልጁን?»

«ማንም» አልኩት። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ከኋላችን ጥሩንባ ነፉብን።