በሰላም ገብቶ በሰላም መውጣት



አዲስ ሥራ ስንጀምር እንጸልያለን፤ የካህን ቡራኬም እንጠይቃለን። ሥራውን ስንለቅ ግን ብዙዎቻችን ጸሎትም ምስጋናም ሳናስታውስ እንወጣለን። አንዱ ተቀይሞ ይሄዳል፤ ሌላው የተሻለ ደመወዝ ባገኘ ማግሥት ለባልደረቦቹ እንኳ ሳይነግር ይሰወራል። ይሁን እንጂ ለዓመታት ቡናና ምሳ የተካፈሉን፣ ልጃችን ሲታመም ተራችንን የሸፈኑልን፣ በኀዘናችን ቀን ድንኳን ሥር አብረውን የተቀመጡ ሰዎች የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው። ስለዚህ ከእነርሱ የምንለይበት መንገድ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የእምነትም ጉዳይ ነው።

ያዕቆብ ሃያ ዓመት ካገለገለው ከላባ ቤት የወጣው ተደብቆ ነበር (ዘፍ. 31)። ምክንያት አልነበረውም አንልም፤ ላባ ደመወዙን ደጋግሞ ለውጦበታልና። ነገር ግን ላባ ተከትሎ በደረሰበት ጊዜ ያቀረበው ወቀሳ ልብ ይነካል፤ ልጆቹን ስሞ እንዳይሰናበት፣ በዘፈንና በከበሮም እንዳይሸኛቸው በመከልከሉ አዘነ። በስውር የሚሄድ ሰው የሚቀሩትን ሰዎች የመመረቅና የመሸኘት ዕድል ይነፍጋቸዋል። ሁለቱ ግን በዚህ አላበቁም፤ የድንጋይ ክምር ሠርተው፣ በዚያ አብረው በልተው፣ ቃል ኪዳን ገብተው ተለያዩ። በክፉ የተጀመረ መለያየት እንኳ ሊታረም እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ በሰላም ለመውጣት ምን ይጠበቅብናል?

አንደኛ፣ ዕዳን መክፈል ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ብድር ስንወስድ ብዙውን ጊዜ ዋስ የሚሆነን ባልደረባችን ነው። ተበዳሪው ዕዳውን ሳይጨርስ ቢጠፋ ገንዘቡ ከዋሱ ደመወዝ ይቆረጣል፤ በመጀመሪያው ዙር ዕቁብ በልቶ የሚሰወርም በጓደኞቹ ላይ እንዲሁ ያደርጋል። የዋሱ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ጎድሎባቸው ሳለ እኛ በአዲሱ ሥራችን የምስጋና ቅዳሴ ብናስቀድስ፣ መሥዋዕታችን እንዴት ይሠምራል? ነቢዩ ሳሙኤል ባረጀ ጊዜ በሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ በሬውን ወይም አህያውን የወሰደበት፣ ግፍም የሠራበት ሰው ቢኖር እንዲናገር ጠየቀ፤ የወሰደም ከሆነ ሊመልስ ቃል ገባ (1ሳሙ. 12፡1-5)። ሥራ የሚለቅ ክርስቲያን ሁሉ ይህን ጥያቄ ለራሱ ያቅርብ።

ሁለተኛ፣ ሥራን በአግባቡ ማስረከብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሥራ ሲለቅ በመደበኛው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ለክርስቲያን ይህ ጊዜ የሕግ ግዴታ ብቻ ሳይሆን የፍቅር ጊዜ ነው፤ ተተኪውን የሚያስተምርበት፣ የጀመረውን የሚፈጽምበት ነውና። የትምህርተ ክርስቶስ መምህርም ወደ ሌላ ቁምስና ሲሄድ የተማሪዎቹን መዝገብ፣ ትምህርቱ የደረሰበትን ምዕራፍ፣ ለመጀመሪያ ቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጁትን ሕፃናት ስም ያስረክብ። አሠሪዎችም በበኩላቸው የሚሄደውን ሠራተኛ ደመወዝና የሥራ ልምድ ማስረጃ በቂም አይያዙበት፤ የድኻን ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ መክፈል የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው (ዘዳ. 24፡14-15)።

ሦስተኛ፣ ማመስገንና ይቅርታ መጠየቅ ነው። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ የካቲት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ ባስታወቁ ጊዜ ካርዲናሎችን ስለ ፍቅራቸውና ስለ ድካማቸው አመሰገኑ፤ ስለ ጉድለቶቻቸውም ይቅርታ ለመኑ። የካቲት 21 ቀን ሲሰናበቱም ማን እንደሚሆን ገና ላልታወቀው ተተኪያቸው እንደሚታዘዙ ቃል ገቡ። የዓለም ካቶሊካውያን አባት ይህን ካደረጉ፣ እኛ ለጽዳት ሠራተኛዋና ለጥበቃው እንኳ «ሳላውቅ ያስቀየምኩ እንደሆነ ይቅር በሉኝ» ማለት ለምን ይከብደናል?

«የበደለኝንስ?» የሚል ይኖራል። በደል የደረሰበት ሰው መብቱን በሕግ መጠየቁ ኃጢአት አይደለም፤ ቂምን ግን ወደ አዲሱ ሥራ ተሸክሞ መሄድ ሁለት ጊዜ መጎዳት ነው። ጌታችን ከደቀ መዛሙርቱ የሚለይበት ሰዓት በቀረበ ጊዜ ተነሥቶ እግራቸውን አጠበ (ዮሐ. 13)። ከታጠቡት መካከል የሚክደው ጴጥሮስ፣ አሳልፎ የሚሰጠው ይሁዳም ነበሩ። የክርስቲያን ስንብት ምሳሌው ይህ ነው።

መግባታችንንና መውጣታችንን የሚጠብቅ አምላክ፣ ለሚሄዱት መንገዱን ያቅናላቸው፤ ለሚቀሩትም ሰላሙን ያብዛላቸው። አሜን።