የደም ዋጋና የባንክ ሣጥን

ይሁዳ ሠላሳውን ብር በቤተ መቅደስ ጥሎ በሄደ ጊዜ የካህናት አለቆች የደም ዋጋ መሆኑን ስላወቁ ወደ መባ ሣጥን ሊያገቡት አልደፈሩም፤ የሸክላ ሠሪውን መሬት ገዙበት እንጂ። ብሩን የከፈሉት እነርሱ ራሳቸው ሲሆኑ መጸየፋቸው ግብዝነት ነበር፤ ነገር ግን እነዚያ ግብዞች እንኳ የለዩትን በዘመናችን ታላላቅ የተባሉ ባንኮች ሊለዩት አልወደዱም።

የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ብሩን በጆንያ ሞልቶ ቢያከማች ምን ይጠቅመዋል? ቤት የሚገዛበት፤ ዳኛና ሹም የሚደልልበት፤ ከየት መጣህ የማይለው ባንክ ሲያገኝ ነው። ገንዘቡ ከስም ወደ ስም፤ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር እድፉ የለቀቀ ይመስላል፤ ስለዚህም ሥራውን ገንዘብ ማጠብ ይሉታል። ጲላጦስም እጁን ታጥቦ ነበር።

ምሳሌ እናምጣ፤ ዘመኑንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገራለን። በ1972 ፓኪስታናዊው አጋ ሐሰን አበዲ ያቋቋሙት ቢ.ሲ.ሲ.አይ. የተባለው ባንክ በሉክሰምበርግ ተመዝግቦ በብዙ አገሮች ይሠራ ነበር። የፓናማው ገዥ ማኑኤል ኖሪዬጋ ገንዘቡን በእርሱ ዘንድ አስቀምጧል። ባንኩ የኮኬይን ነጋዴዎችን ገንዘብ በማጠቡ በ1990 በፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አመነ፤ በጁላይ 5 ቀን 1991 የየአገሩ ተቆጣጣሪዎች በአንድነት ዘጉት።

ደግ ሥራ ነበር። ወንጀለኛ አንድ በር ቢዘጋበት ሌላውን ማንኳኳቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ብሩን የሚያሳልፍበት በር በጠበበ መጠን ሹም የሚገዛበት ኃይሉም ይደክማል። ሆኖም በዚያ ቀን ያለቀሱት ኃጥኣን ብቻ አልነበሩም። በእንግሊዝ አገር የነበሩ የእስያ ተወላጆች፤ ባለ ትናንሽ ሱቆች፤ ጥሪታቸው ተዘጋባቸው፤ ከፊሉ እስኪመለስላቸውም ዓመታት ጠበቁ። እንክርዳዱን የሚነቅል ሰው ስንዴውን አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን ሌላ ነው። ኤች.ኤስ.ቢ.ሲ. የተባለው እጅግ ታላቅ ባንክ ቢያንስ 881 ሚሊዮን ዶላር የዕፅ ነጋዴዎች ገንዘብ በእጁ እንዳለፈ በ2012 አመነ፤ የሜክሲኮ ነጋዴዎችም ብሩን በባንኩ መስኮት ልክ በተሠራ ሣጥን ያስገቡ ነበር። ባንኩ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ከአለቆቹ አንድ ስንኳ አልታሰረም። በ1991 የተዘጋው በር በዚህ ጊዜ ያልተዘጋው ስለ ምን ነው? የአሜሪካ ዋና ዐቃቤ ሕግ ኤሪክ ሆልደር በ2013 ለሸንጎው ሲመልሱ፤ አንዳንድ ባንኮች ከመተለቃቸው የተነሣ መክሰሱ የአገርን ሀብት ይጎዳል ተብሎ እንደሚፈራ ተናገሩ። እንግዲህ ዳኛው ተከሳሹን የሚፈራ ከሆነ ሥልጣኑ በማን እጅ ነው?

ዲድስቅልያ ኤጲስ ቆጶሳትን ከዐመፀኞች መባ እንዳይቀበሉ ያዝዛልና፤ እኛም ባለጸጋ ሲሰጠን ምንጩን ሳንጠይቅ ባርከን የምንቀበል ብንሆን ባንኮችን ለመውቀስ አፍ የለንም። በዚያ ባንክ ላይ የተጻፈው ክስ ግን የአምስቱ ዓመት ውል በ2017 ሲፈጸም ተሰርዟል።