የማን ምሥጢር ነው?



በዚህ እትም ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ በእኛ በወጣቶች መካከል ብዙ ጊዜ የሚነሣ፣ ነገር ግን እስከ ሥሩ ሳይመረመር የሚታለፍ ነው። ይኸውም ሰው በስልኩ የሚጽፈውንና የሚቀበለውን ነገር ከሌላው ዓይን መሰወሩ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። አንዳንዶቻችን «ክፉ ያልሠራ ሰው ምን የሚደብቀው አለው?» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ስልኬ የራሴ ነው፤ ማንንም አያገባውም» እንላለን። በእኛ አስተያየት ሁለቱም አባባሎች አንድ ነገር ስተዋል፤ ሁለቱም ምሥጢሩን የባለ ስልኩ ብቻ አድርገው ያዩታልና።

ነገሩን እንደ ገና ያነሣሣው ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. የደረሰው መቋረጥ ነው። በዚያ ቀን ሲግናል የተባለው፣ ምሥጢር በመጠበቅ ስሙ የገነነው የመልእክት መለዋወጫ፣ በብዙ አገሮች ለሚገኙ ተጠቃሚዎች አልሠራ አለ። ምክንያቱ ሲታወቅ በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ የሚገኘው የአማዞን ኩባንያ የኮምፒውተር ማዕከል በመታወኩ ነበር፤ ሲግናል የሚሠራው የሌሎችን ኮምፒውተሮች ተከራይቶ ነውና። ወዲያውም ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን በሰው ቤት በኪራይ የሚኖር እንዴት ምሥጢር ጠባቂ ይባላል ሲል፣ ሌላው ደግሞ ቤቱ የሌላ ቢሆንም ሣጥኑ የተቆለፈ ነው፣ ቁልፉም በላኪውና በተቀባዩ እጅ ብቻ ነው አለ።

በሙያው ረገድ ሁለተኛው ወገን እውነት አለው። የተመሠጠረ መልእክት ከላኪው ስልክ ከመውጣቱ በፊት ይቆለፋል፤ የሚከፈተውም በተቀባዩ ስልክ ላይ ነው። መንገድ ላይ የያዘው ሰው ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ክምር ከማየት በቀር የሚያገኘው የለም። ዋትስአፕ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ በዚህ መንገድ ይሠራል። በአገራችን እጅግ የተስፋፋው ቴሌግራም ግን እንደዚያ አይደለም። በቴሌግራም ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው «ምሥጢራዊ ውይይት» የተባለው ብቻ ነው፤ የተለመደው መልእክትና ማናቸውም ግሩፕ፣ የመዘምራን ግሩፕም ሳይቀር፣ በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ኩባንያው ራሱ በያዘው ቁልፍ ይቀመጣል። የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ፣ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የሕግ ተላላፊዎችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሰጥ በመስከረም 2017 ዓ.ም. አስታውቋል። ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ሰው በምን ላይ እንደሚጽፍ አውቆ እንዲጽፍ ነው።

በአገራችን መቋረጥ ሌላም መልክ አለው። ከላይ የጠቀስነው የመሣሪያ ብልሽት ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ሁሉ ስድስት ሰዓት ያህል የጠፉትም በራሱ በኩባንያው ስሕተት ነበር። እኛ ግን በትእዛዝ የሚዘጋውንም እናውቀዋለን። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገደለ ማግሥት የመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ በሚገባ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነበር። በትግራይም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የተዘጋው ኢንተርኔት ከሁለት ዓመት በላይ ሳይከፈት ቆየ።

ቤተ ክርስቲያናችንን በቀጥታ የነካው ግን የ2015ቱ ነው። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ በወሊሶ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ በተባለ ጊዜ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ምእመናን በቅዱስ ሲኖዶስ ጥሪ የነነዌን ጾም ጥቁር ለብሰው ጾሙ። ጾሙ በተፈጸመ ማግሥት፣ የካቲት 2 ቀን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ ገደቡም የተነሣው በሐምሌ ነው። በእነዚያ አምስት ወራት ብዙ ሰው በቪፒኤን መጠቀም ጀመረ። ያን ጊዜ «በቪፒኤን መግባት ሕግ መተላለፍ ነውን?» የሚለው ጥያቄ በወጣቶች መካከል ብዙ አከራከረ። ያልተጠየቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ቪፒኤን ማለት የአንተን ግንኙነት ሁሉ በሌላ ሰው ኮምፒውተር በኩል ማሳለፍ ነው። አንዱ በር ጠባቂ እንዳያየው የሸሸ ሰው፣ ስሙንም አገሩንም የማያውቀውን ሌላ በር ጠባቂ ቀጠረ ማለት ነው። ያለ ደመወዝ የሚሠራ በር ጠባቂ ከምን እንደሚኖር የጠየቀ ጥቂት ነው።

የሚዘጉትም ወገኖች ምክንያት አላቸው። በሐሰት ወሬ ቤት ሲቃጠልና ደም ሲፈስ ያየች አገር ናት፤ በተቆለፈ መልእክት የሚያጭበረብር፣ ሕፃናትንም የሚያጠምድ መኖሩ የታወቀ ነው። ይህን እንደ ተራ ሰበብ ቆጥሮ ማለፍ ቅንነት አይደለም። ነገር ግን በሩ ሁሉ ሲዘጋ ሐሰተኛው ብቻ ሳይሆን ሐሰቱን የሚያርመውም ዝም ይላል፤ ልጇ በሰላም መድረሱን የምትጠብቅ እናትም አብራ ትቀጣለች። የአገራችን ሕግ ራሱ ነገሩን ቀላል አድርጎ አላየውም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት እንኳ የደብዳቤን ምሥጢር አስቦ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ በአንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ደንግጎ፣ ሊገደብ የሚችለው በአስገዳጅ ሁኔታና በዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ መሆኑን ያክላል። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ወጥቷል። ሕጉ ቢከበር ብዙ ነገር በተቃለለ ነበር።

ይሁን እንጂ ሕግ በአመዛኙ የሚናገረው ከውጭ ስለሚመጣው በር ሰባሪ ነው። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን በውስጥ ያለው ሰው ነው።

«የምደብቀው የለኝም» የሚል ሰው ስለ ራሱ እውነቱን ይሆናል። ስልኩ ቢከፈት ግን በውስጡ የሚገኘው በአብዛኛው የእርሱ ነገር አይደለም። የታመመች እህቱ የምርመራ ውጤት አለ። ዐረብ አገር ያለችው የአክስቱ ልጅ፣ አሠሪዋ ደመወዟን እንደ ከለከለቻት እያለቀሰች የላከችው ድምፅ አለ። ብድር የጠየቀ ጓደኛ፣ ትዳሩ የተናጋበት ጎረቤት አለ። ታዲያ እነዚህን ሰዎች ማን ጠየቃቸው? እርሱ ስለማይፈራ እነርሱም እንዳይፈሩ የመፍረድ ሥልጣን ከወዴት አገኘ? «ስልኬ የራሴ ነው» የሚለውም ቢሆን እዚህ ላይ ይሰናከላል። ስልኩስ የእርሱ ነው፤ በውስጡ የተቀመጠው ግን አደራ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ስውር ነገር ሲናገር ሁልጊዜ በክፉ አያነሣውም። ወንጌላዊው ማቴዎስ ዮሴፍ ነገሩ ሳይገለጥለት እመቤታችንን በስውር ሊተዋት ማሰቡን ሲነግረን፣ ይህን ያሰበው ጻድቅ ስለ ነበረ ነው በማለት ነው፤ በሰው ፊት ሊያጋልጣት አልወደደም። ጌታችንም ስለ በደለ ወንድም ሲያስተምር በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 18 ደረጃ አስቀምጧል፤ መጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ሰው ባለበት፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን። ዛሬ ይህ ሥርዐት ተገልብጧል። ነገሩ መጀመሪያ በግሩፕ ይለቀቃል፤ ባለቤቱ በመጨረሻ ይሰማል። በአንጻሩ ሐናንያና ሰጲራ የደበቁት ማኅበሩን ለማታለል ነበር። እንግዲህ ልዩነቱ በመደበቅና ባለመደበቅ ላይ ሳይሆን፣ መደበቁ ማንን ይሸፍናል፣ ማንንስ ይጎዳል በሚለው ላይ ነው።

«እግዚአብሔር ሁሉን ያያል፤ ከሰው መደበቅ ምን ይረባል?» የሚሉም አሉ። እግዚአብሔርስ አይቶ ይታገሣል። ሰው ግን አይቶ ያወራል። የንስሐ አባት የሰማውን እንዳያወጣ በሥርዐት የታሰረው ስለዚህ ነው። ያ እስራት ባይኖር ኖሮ ማን ደፍሮ ኃጢአቱን ይናገር ነበር?

በባሌ ይህ ነገር ከስልክ በፊትም ነበረ። ስልክ ባልተስፋፋበት ዘመን ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚላክ ደብዳቤ በሾፌር እጅ ይሰጥና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን ብርዳም አምባ ይሻገራል። ፖስታው እንደ ታሸገ ይደርሳል፤ ሾፌሩም አይከፍተውም። ነገር ግን ብዙዎቹ እናቶች ፊደል አልቆጠሩም፤ አፍ የፈቱትም በአፋን ኦሮሞ ሲሆን ደብዳቤው በአማርኛ የተጻፈ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ተማሪ ልጅ ይጠራና እያነበበ ይተረጉማል። ልጁ የዘመተውን ወንድም ቁስል፣ የዕዳውን ልክ፣ የጋብቻውን ስምምነት ሁሉ ይሰማል። መልሱንም የሚጽፈው እርሱ ነው። «ግድግዳ ጆሮ አለው» በሚባልበት በደርግ ዘመን አንድ ቃል ከዚያ ቤት ብታወጣው ሰው ልታሳስር ትችል ነበር። የአሥር ወይም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የአንድን ቤት ደኅንነት በከንፈሩ ይዞ ወደ ጨዋታው ይመለስ ነበር ማለት ነው። የዚያን ልጅ ውለታ ማንም ጽፎት አላየንም።

ዛሬም ያ ልጅ አለ፤ እኛ ነን። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ የእናቶቻችን ገንዘብ በስልክ ይገባል፣ በስልክ ይወጣል። ስንዴ ወይም ገብስ ሸጣ ከሮቤ ገበያ የተመለሰች እናት «እስቲ እየው፣ ገባ ወይ?» ብላ ስልኳን ለልጇ ትሰጣለች። የምሥጢር ቁጥሩን ያወጣላት ልጇ ነው፤ ስትረሳውም የሚያስታውሳት እርሱ ነው። ለማን እንደ ላከች፣ ለየትኛው ዘመድ እንደ ደበቀች፣ ምን ያህል እንደ ቀራት ያውቃል። የአባቱን መልእክት የሚያነብለትም እርሱ ነው። በዓለም ላይ የረቀቀ ቁልፍ ቢሠራ ይህን ልጅ አያግደውም፤ ቁልፉን በፈቃዳቸው ሰጥተውታልና። ስለ ታላላቅ ኩባንያዎችና ስለ መንግሥታት ስንከራከር ይህን መዘንጋት የለብንም። የጓደኛን መልእክት በስክሪንሾት ይዞ ለሦስተኛ ሰው ማሳየትም ከዚሁ ወገን ነው፤ በመካከል የተሰበረ ቁልፍ የለም።

ታዲያ አደራ ሁሉ እስከ መጨረሻ ይጠበቃልን? እዚህ ላይ እኛም አንድ አሳብ አልነበረንም። አንድ ጓደኛችን «ለማንም እንዳትነግር» ብሎ፣ በሚመጣው ሳምንት ከደላላ ጋር በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሄድ መሆኑን ቢጽፍልን ምን እናደርጋለን? በዚያ መንገድ ባሕር የበላቸው ብዙ ናቸው። ከእኛ ግማሾቹ ወዲያው ለወላጆቹ ይነገር አሉ። ግማሾቹ ደግሞ ይህ አደራ ከፈረሰ የሚቀጥለው ልጅ ለማንም ሳይናገር ይሄዳል አሉ፤ ይህም የሚናቅ አሳብ አይደለም።

ብዙ ከተነጋገርን በኋላ የተስማማንበት ይህ ነው። ምሥጢሩ የእርሱ ስለሆነ አስቀድሞ ለእርሱ ይነገረው። «እስከ ነገ አስብበት፤ ካልተውከው ለእናትህ እነግራለሁ» ተብሎ በግልጽ ይነገረው እንጂ ከጀርባው አይደረግ። ይህንንም በጽሑፍ ባይልኩት ይሻላል፤ አንብቦ ስልኩን ሊዘጋው ይችላል። ልጁ ያለው ጎባ፣ እኛም ያለነው ሮቤ ቢሆን፣ መንገዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ታክሲ እስኪመሽ አይጠፋም።