ዜማ በደል አለበትን?

ባለፈው እሑድ የእኅቴ ልጅ በስልኩ አንድ ሙዚቃ ሲያሰማ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ከበሮው ፈጣን፥ ድምፁም በኮምፒዩተር የተቀነባበረ ነው። እኔም ሳላስበው እግሬ ምቱን ይከተል ዠመር። ጥቂት ቆይቼ ግን ከከበሮው ሥር ያለውን ዜማ ዐወቅሁት፤ «ፋቼታ ኔራ» ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህ ዘፈን በ1927 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ የተደረሰ ነው። ግጥሙ የሬናቶ ሚኬሊ፥ ዜማው የማሪዮ ሩቾኔ ነው። አንዲቱን የሐበሻ ልጃገረድ «ነጻ አውጪዎችሽ መጣን» በሚል መንፈስ ያባብላታል። ሠራዊቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ፤ የመርዝ ጢስም ከአይሮፕላን አዘነመ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዐዲስ አበባ የዠመረው ጭፍጨፋ ሦስት ቀን ዘለቀ። ከዚያም ሁለት ወር በኋላ የወጣው ሕግ፥ ከቅኝ ግዛቱ ተወላጅ ጋራ እንደ ባልና ሚስት የሚኖረውን ኢጣልያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይቀጣ ነበር። የተዘፈነላት ልጅ እንግዲህ ከቤት እንኳ የማትገባ ርኩስ ሆና ተቈጠረች ማለት ነው።

ይህን ስነግረው ልጁ፥ «ጋሼ፥ ቃሉ እኮ ወጥቷል፤ የቀረው ዜማው ብቻ ነው። ዜማ ምን አደረገ?» አለኝ።

ነገሩ የሚናቅ አይደለም። ድምፅ ብቻውን ሰው አይገድልም፤ አርበኛም ከጠላት የማረከውን ጠመንጃ መልሶ ጠላቱን መታበት እንጂ አልጣለውም። ዜማስ ቢማረክ ምን ነውር አለው? ብዬ ለራሴ ተከራከርሁ። ነገር ግን አርበኛው ጠመንጃው ከማን እጅ እንደ መጣ ያውቃል። ቃሉን አውጥቶ ከበሮ የጨመረበት ሰው ግን ምስክሩን አስወጥቶ ተከሳሹን አስቀረልን። ከቀላቃዮቹም አንዳንዱ ለቀልድ፥ አንዳንዱ ያን ዘመን ናፍቆ ያደርገዋል፤ የሚጨፍረው ልጅ ሁለቱን በምን ይለያቸዋል? ደግሞ እኔ፥ ታሪኩን ዐውቃለሁ የምለው፥ ከእግሬ በኋላ ነው የነቃሁት።

«ልሰርዘው?» አለኝ። «አትሰርዘው፤ ፊተኛውን ከነቃሉ ፈልገህ ስማውና ትርጓሜውን ጠይቀኝ» አልሁት።

ፈልጎ አገኘው፤ አብረን ሰማነው። ሲያልቅ ዝም ብሎ ቆየና፥ «ጋሼ፥ ቅድም እግርዎ ይንቀሳቀስ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎን» አልሁት።