ያልተገኘ ጉድለት የማን ዕዳ ነው?

አዲስ መኪና የገዛ ሰው በአውራ ጎዳና ላይ መሪው እየያዘ ሲያስቸግረው ወደ ሻጩ ጋራዥ ይመለሳል። መኪናው ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል፤ መካኒኩ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሮበት ይመለሳል፤ ወረቀቱ ላይ «የተባለው ችግር አልታየም» ተብሎ ይጻፋል። ባለቤቱ ቁልፉን ተቀብሎ በዚያው መሪ ወደዚያው መንገድ ይወጣል። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣም የሚሰጠው መልስ ያው ነው። ነገሩን የመስተንግዶ ጉድለት ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከዚያ የጠለቀ የሕሊና ጥያቄ አለበት እላለሁ፦ አደጋ እንዳለ የተነገረው ሰው፣ ፈልጎ ስላላገኘው ብቻ ከኃላፊነት ነጻ ይወጣልን? አይወጣም። ከተነገረው ሰዓት ጀምሮ አለማወቁ ራሱ ዕዳው ይሆናል።

የመሪ ብልሽት ይህን ጥያቄ ከሌላው ብልሽት ይበልጥ ያጠራዋል። ያለቀ ፍሬን ይጮኻል፤ የሚያፈስ ሞተር መሬት ላይ ዘይት ይተዋል። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ የዛሬ መሪ ግን ሲታመም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያውቀው የነጂው እጅ ነው። ሆንዳ በኦክቶበር 2024 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ 1.7 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና የጠራው በዚህ ዓይነት ጉድለት ነው። በመሪው ሳጥን ውስጥ ያለ አንድ ጥርስ በትክክል ስላልተሠራ ያብጣል፤ ጥርሱን የሚያገናኘው ሞላም ከሚገባው በላይ ይጫነዋል፤ ፍትጊያው ሲጨምር መሪው ይጣበቃል። ነጂው በፍጥነት እየሄደ ጥቂት ሊያቀናው ሲሞክር እምቢ ይለዋል፤ ጉልበት ሲጨምርበት ደግሞ ካሰበው በላይ ይዞራል። መፍትሔው ሞላውን መለወጥና ግራሶውን ማስተካከል ነበር። ጥሪው እስኪታወጅ ድረስ ከ10,000 በላይ የዋስትና ጥያቄዎች ለኩባንያው ደርሰዋል። እንዲህ ያለው ጉድለት የፍትጊያ ጉዳይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ምንም ላይመዘግብ ይችላል። በጋራዡ ግቢ፣ በዝግታ፣ ገና ባልሞቀ መኪና የሚደረግ ሙከራም ላያሳየው ይችላል። ታዲያ «አልታየም» የሚለው ጽሑፍ የሚነግረን ፍለጋው እስከ የት እንደሄደ ብቻ ነው፤ ስለ መኪናው ጤና ምንም አይመሰክርም።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፎርድ በ1877 ስለ እምነት ሥነ ምግባር ባሳተመው ጽሑፍ አንድ የመርከብ ባለቤት ያቀርብልናል። መርከቡ አርጅታለች፤ ለረጅም ጉዞ እንደማትበቃም ጥርጣሬ አድሮበታል። ነገር ግን ስንት ማዕበል አልፋ በሰላም መመለሷን እያሰበ፣ በእግዚአብሔር ጥበቃም እየተማመነ ጥርጣሬውን ከልቡ ያወጣና ስደተኞችን አሳፍሮ ይሸኛታል። መርከቧ ስትሰጥም የመድን ገንዘቡን ይቀበላል። ክሊፎርድ የሚለው ይህ ሰው ከልቡ ማመኑ አያድነውም ነው፤ በያዘው ማስረጃ ያንን የማመን መብት አልነበረውምና። መርከቧ በሰላም ብትደርስ ኖሮም ጥፋቱ አይቀንስም ነበር። ለክሊፎርድ የእምነት ጥያቄ ሁሉ በዚህ ሚዛን ይዳኛል፤ እዚያ ድረስ አልከተለውም፤ ሰው ያለ በቂ ማስረጃ የሚያምነውና ማንንም የማይጎዳ ብዙ ነገር አለ። የሌላ ሰው ሕይወት በእኛ ማመን ላይ በተንጠለጠለበት ቦታ ግን ፍርዱ ትክክል ነው። ሻጩን «ዋሽተሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «መኪናህ ደኅና ነው» የማለትን መብት በምን ምርመራ አገኘኸው ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ቅንነት ያለ ምርመራ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የጄኔራል ሞተርስ ታሪክ ያሳያል። በኩባንያው ትናንሽ መኪኖች፣ በተለይ በሸቭሮሌ ኮባልት፣ የሞተር ማስነሻው ቁልፍ በጉዞ ላይ ከቦታው ይንሸራተት ነበር። ሲንሸራተት ሞተሩ ይጠፋል፤ የመሪውና የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ይቋረጣል፤ በግጭት ጊዜ ኤርባጉ አይነፋም። በ2005 መጨረሻ ለሻጮች የተላከው ማስታወቂያ ደንበኞች ከቁልፍ መያዣቸው ላይ ከባድ ነገር እንዲያነሱ ምከሩ የሚል ነበር። በኩባንያው የውስጥ አሠራር ጉዳዩ የተመደበው ከደንበኛ ምቾት እንጂ ከደኅንነት ተራ አልነበረም። መኪኖቹ የተጠሩት በ2014 ነው፤ ለተጎጂዎች የተቋቋመው የካሳ ፈንድ ከጉድለቱ ጋር የተያያዘ የ124 ሰዎች ሞት ተቀብሏል። ሰው እንዲሞት የፈለገ ሠራተኛ እንደነበረ አላምንም። ሁሉም ጉዳዩን ለሚቀጥለው ክፍል እያስተላለፈ፣ የሰማውን አደጋ ከአደጋ ባነሰ ስም እየጠራ ዓመታት አለፉ። የኔ ክርክር የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ክፋት የሌለበት ቸልታ ከክፋት ያላነሰ ሬሳ ሊያስቆጥር ይችላል።

ይህን የጥንት ሕግ ሰጪዎች ያውቁት ነበር። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 21 ሰው ወግቶ ስለገደለ በሬ ይደነግጋል። በሬው የመውጋት ልማድ ካልነበረው ባለቤቱ ንጹሕ ነው። ቀድሞ ይወጋ ከነበረ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ካልጠበቀው ግን ተጠያቂነቱ እስከ ሕይወቱ ይደርሳል። ሁለቱን ሰዎች የሚለያቸው ለባለቤቱ መነገሩ ነው። ባለቤቱ በሬው ሲዋጋ በዓይኑ እስኪያይ ድረስ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም የሚል ቃል በዚያ ሕግ ውስጥ የለም፤ የጎረቤት ምስክርነት ይበቃል። በእስልምና የንግድ ሕግም ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት መግለጥ ግዴታው ነው፤ ተደብቆ የቆየ ጉድለት ያገኘ ገዢም ዕቃውን የመመለስ መብት አለው።

ለዚህ ክርክር የሚቀርበው ከባድ ተቃውሞ ነጂም ይሳሳታል የሚለው ነው፤ እውነትም አለው። ያልተስተካከለ የጎማ ነፋስ፣ ያዘነበለ አስፋልት፣ አዲስ መኪና ያልለመደ እጅ የመሪ ብልሽት ሊመስሉ ይችላሉ። ሰው በተናገረ ቁጥር የመሪ ሳጥን ይለወጥ ቢባል የትኛውም ጋራዥ አይቆምም። እኔም ያንን አልልም። የምለው ፍለጋው አቤቱታው በተነሣበት ሁኔታ ይሁን ነው፤ ነጂው አንድ ሰዓት ከነዳ በኋላ በአውራ ጎዳና ፍጥነት ይይዛል ካለ፣ ነጂውን መሪው ላይ አስቀምጦ አንድ ሰዓት በዚያ ፍጥነት አብሮት መሄድ። ከዚያም ካልተገኘ አለመገኘቱን በግልጽ ጽፎ ጉዳዩን ለአምራቹ ማሳወቅ። ለዚህ ጊዜ ማን ይከፍላል የሚለው ሁለተኛ ተቃውሞ ነው። በብዙ የአሜሪካ ሻጭ ጋራዦች መካኒኩ የሚከፈለው ለእያንዳንዱ ሥራ አስቀድሞ በተተመነ ሰዓት ነው፤ ረጅም ፍለጋ ከኪሱ ይወጣል። ስለዚህ ዋናውን ጥፋት በመካኒኩ ላይ መጫን ግፍ ነው። ዕዳው የክፍያውን ሥርዓት ወዳወጡት፣ ወደ ሻጩና ወደ አምራቹ ይወጣል። አምራቹም ገዢውን አላውቀውም ማለት አይችልም። የኒውዮርክ ግዛት የመጨረሻው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1916 በገዢው በማክፈርሰንና በአምራቹ በቢውክ ክርክር መኪናው በሻጭ በኩል ቢሸጥም፣ የተሰበረውም ጎማ ከሌላ ፋብሪካ የተገዛ ቢሆንም፣ አምራቹ ለተጎዳው ሰው ኃላፊ ነው ብሎ ፈርዷል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሃይማኖት በኩል ይመጣል፦ ትዕግሥት የት ሄደ? ስለ አንድ መሪ ይህን ያህል መቆጣት ለአማኝ ይገባልን? በራሱ ላይ የደረሰ በደል ከሆነ ሰው ይቅር ማለት ይችላል፤ ገንዘቡን፣ ጊዜውን፣ የተናቀ ቃሉንም ይተው። በመንገድ ዳር ስለሚሄደው ሕፃንና ከፊቱ ስለሚመጣው መኪና ተሳፋሪ ግን ይቅር የማለት ሥልጣን የለውም። የእነርሱን አደጋ ዝም ብሎ መሸከም ትዕግሥት አይባልም። እንዲያውም አደጋውን የሚያውቀው ነጂ ራሱ ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ በኦሪቱ ሕግ በሬው እንደሚወጋ እንደተነገረው ሰው ነው፤ ኑሮው ካላስገደደው በቀር መኪናውን ማቆም ይጠበቅበታል።

ኑሮው ካላስገደደው ያልኩት በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በታክሲና በኡበር ቤተሰብ የሚያስተዳድሩትን በርካታ ወገኖቻችንን አስቤ ነው። መኪናው በቆመ ቀን ገቢ የለም፤ የመኪናው ብድር ግን አይቆምም። እንዲህ ያለው ነጂ አቤቱታውን በሁለተኛ ቋንቋ፣ በባዕድ ዘዬ ሲያቀርብ ቃሉ ከሚገባው በታች ሊመዘን ይችላል፤ ፈላስፋዋ ሚራንዳ ፍሪከር በ2007 በጻፈችው መጽሐፍ ሰው በማንነቱ ምክንያት ምስክርነቱ ሲቀልበት የሚደርስበትን በደል ከፍትሕ መጓደል ቈጥራዋለች። ሕጉ በተወሰነ ደረጃ ይረዳዋል። ከ1982 ጀምሮ፣ ከኮኔቲከት ተነሥቶ፣ ተደጋግሞ ተጠግኖ ያልዳነ አዲስ መኪና እንዲመለስ የሚያደርግ ሕግ በአሜሪካ ግዛቶች ተስፋፍቷል። በካሊፎርኒያ ጉድለቱ ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የሚያደርስ ዓይነት ከሆነ ሁለት የጥገና ሙከራ ሊበቃ ይችላል። ሙከራውን የሚያስረዳው ግን ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ሻጩ መኪናውን በተረከበ ቁጥር ነጂው የተናገረውን በራሱ በነጂው አነጋገር መጻፍ፣ ቀኑንና የተነዳውን ርቀት ማስፈር፣ ቅጂውንም መስጠት አለበት።